ፈረሱ ያነበበው ሰው

አማርኛ «ለመደ» ከሚለው አንድ ግስ ልማድን፣ ልምድን፣ ልምምድንና ለማዳን ያወጣል። የሰው አመል፣ የባለሙያ እጅ፣ የጀማሪ ድግግሞሽና ቤት የገባ እንስሳ ሁሉም ከአንድ ሥር ይበቅላሉ። ከቡሬ ተነስቶ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጥሊሊ ሲደርስ ይህን ግስ በአራት እግሩ ቆሞ ያገኘዋል። በአዊ ደጋ ፈረስ ይጫናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቀስተኛ ያደርሳል። ሌላው አገር በሬ በሚጠምድበት ማሳ ላይም ቀንበር ይሸከማል። ይህ ሁሉ በትምህርት የመጣ ነው። ማን ማንን እንዳስተማረ ለማወቅ ግን ከሩቅ መነሳት ያስፈልጋል።

መነሻው ከአዊ እጅግ የራቀ፣ ከካውካሰስ ተራሮች በስተሰሜን ያለ የሣር ሜዳ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የቤት ፈረስ ሁሉ ከዚያ ሜዳ የወጣ ነው። መሠራጨት የጀመረውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2200 ዓመት ገደማ ነው። ያ ፈረስ ከሌሎቹ የተለየው በተለይ በሁለት ነገሮች ሲሆን አንደኛው ከጀርባ ጥንካሬ፣ ሁለተኛው ከፍርሃትና ከቁጣ ልክ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው የሚበረግገውን ትቶ ዝግ የሚለውን አራባ ማለት ነው። ፈረስ ልጓም ከመልመዱ በፊት ለመልመድ የሚመች ተፈጥሮ ተመርጦለታል። ከዚያ በኋላ ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጻፈ። ፈረስ ተገዶ የሚሠራውን ሥራ ሳይገባው እንደሚሠራው ያስጠነቀቀው ከ2,300 ዓመት በፊት ነው። ሰሚ አላገኘም ለማለት ያስደፍራል፤ የአብዛኛው ዓለም ፈረስ ገሪ ከዚያ በኋላም አለንጋውን አልጣለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ፈረሰኛ ጦርን አዘውትሮ ያነሣል። ስለ አገው ፈረሰኛ በዓይን ያየ ሰው የተወልንን ወሬ የምናገኘው ግን ዘግየት ብሎ፣ በ1763 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነስቶ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ሰከላ ይጓዝ ነበር። በመንገዱ ላይ ባምባ በሚባል ሥፍራ የዳሞትና የአገው ምድር ገዥ የነበረው ፋሲል ሰፍሯል። ፋሲል ለእንግዳው ፈረስ ላከለት። ፈረሱ ያልተገራ ነበር። ብሩስ ገና እንደተፈናጠጠው ይዘል፣ ይራገጥ፣ ሊጥለው ይታገል ጀመር። ብሩስ ግን ከልጅነቱ ኮርቻ ላይ ያደገ ሰው ነው። በአለንጋና በእርካብ እየጎሰመ፣ ዳገት እያስወጣ ቁልቁለት እያስወረደ፣ እንስሳው ከድካሙ ብዛት እግሩን መጎተት እስኪያቅተው ድረስ ጋለበው። እውነቱን ለመናገር፣ ብሩስ ስለ ራሱ ሲያወራ ቁጥብ ሰው አልነበረም። ታሪኩን የነገረን ደግሞ እሱው ነው። ቢሆንም ያ ትዕይንት የዘመኑን የማስተማር መንገድ አንዱን ገጽ በደንብ ያሳያል። ፈረሱ የተማረው ነገር ቢኖር ከዚህ ሰው በታች መሆን ከባድ መከራ መሆኑን ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ፋሲል በነገሩ አፈረና ሌላ ፈረስ፣ የራሱን መቀመጫ፣ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «አትቀመጠው፤ ከፊትህ አስቀድመህ ንዳው።» ብሩስ እንዳለው አደረገ። መንገድ የሚዘጉ ሽፍቶች ሳይቀሩ ያንን ባዶ ኮርቻ የተሸከመ ፈረስ ሲያዩ ጌታው የመጣ ያህል እጅ ነሱለት፤ እንግዳውን የነካው አልነበረም። የአገሩ ሰው ፈረስን እንደ ማኅተም ማንበብ ተምሯል ማለት ነው። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከኋላው ምን ኃይል እንዳለ ከመልኩና ከኮርቻው ይለይ ነበር። በባምባ ሜዳ ላይ ሰው ፈረስን በጉልበት አስተማረ፤ ከባምባ እስከ ሰከላ ባለው መንገድ ደግሞ አንድ ፈረስ ዝም ብሎ በመሄዱ ብቻ የሰውን ጠባይ ቀየረ። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው እላለሁ።

ብሩስ ስለ አገው ሕዝብም ጽፏል። ለጎንደር ማር፣ ቅቤ፣ ቆዳና ከብት በብዛት የሚያቀርበው ይህ ሕዝብ እንደሆነ፣ ከሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ጊዜ ሸክሙን ይዞ ወደ ከተማዪቱ እንደሚጎርፍ ይናገራል። ኃይሉን ሁሉ ቢያስነሣ 4,000 ፈረሰኛ ማሰለፍ እንደሚችልም ይገምታል፤ ቀድሞ ከዚህም የበለጠ ብርቱ እንደነበር ያክላል። 4,000 ፈረሰኛ ማለት 4,000 የተገራ ፈረስ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ደግሞ ውርንጭላውን ከእናቱ ኋላ እያስከተለ ገበያ ያለመደ፣ መጀመሪያ ባዶ ግላስ፣ ቀጥሎ ኮርቻ፣ ከዚያ ቀላል ልጅ ያሸከመ፣ ስሙ የትም ያልተጻፈ ገሪ አለ። ከብሩስ ጉስማት ይልቅ የዚህ ሰው ትዕግሥት ሰፊ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ከ125 ዓመት በኋላ ዓድዋ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ከዘመተው ሠራዊት መካከል የአገው ፈረሰኞች እንደነበሩበት የአዊ ሰው ዛሬም በኩራት ይናገራል። በዚያ ዘመን ታላቅ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። የሰውየው ዝና ከፈረሱ ዝና ተለይቶ አይሄድም ነበር።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ተረቱ ለሰው ጀግንነት የወገነ ነው፤ ለፈረሱ ግን ትንሽ ግፍ አለበት። ፈረስ በተፈጥሮው ሸሺ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። ከግንባሩ ሥርና ከጭራው በስተኋላ ያለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ትሰወረዋለች። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ መሸሽ ለሚሊዮኖች ዓመታት ያቆየው ብልሃት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ መድፍ ወደሚያጓራበት፣ የባሩድ ጭስ ወደሚጋርደው ሜዳ ሰው ተሸክሞ ሲገባ ተፈጥሮውን ተጋፍቶ ነው። ይህን የሚያደርገው ጀግና ስለሆነ ሳይሆን ድምፁ ደጋግሞ መጥቶ ምንም ሳያደርገው ማለፉን ስለተማረ ነው። ከበሮው፣ ፉከራው፣ የሰርግ ተኩሱ፣ የለቅሶ ጩኸቱ ለፈረሱ ትምህርት ቤት ነበሩ። ሊቃውንቱ ይህን ዝቅተኛው የትምህርት ዓይነት ይሉታል፦ የማይጎዳን ነገር ችላ ማለትን መልመድ። ዝቅተኛ ይሁን እንጂ፣ ያለ እሱ ፈረሰኛ ጦር አይኖርም።

ዓድዋ በሆነ በ2ኛው ዓመት፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ እንዴት መክፈቻውን እንደሚያገኙ የሚተርክ ጥናቱን አወጣ። ድመቷ በድንገት ዘንጉን ትነካለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ምግብ ታገኛለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ትፈጥናለች። ውጤቱ ያማረ ሥራ ይደጋገማል፤ ውጤቱ የከፋ ይቀራል። የአዊ ገበሬ ይህን ከቶርንዳይክ አልተማረም፤ ልጓም የያዘ እጅ ያውቀዋል። ፈረስ ዛቡ ሲሳብ አይማርም፤ የሚማረው ሲላላ ነው። ወደተፈለገው አቅጣጫ አንገቱን ባዞረባት ቅጽበት ጭነቱ ሲቀልለት «ለካ ይሄ ነው» ይላል። እጁን በጊዜው የማያላላ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢጎትት የሚያስተምረው አፈ ደንዳናነትን ብቻ ነው።

 በ1904 እ.ኤ.አ. የበርሊን ጋዜጦች ያወሩ የነበሩት ስለ አንድ ፈረስ ነበር። ሐንስ ይባላል። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ሲሆን ፈረሱን እንደ ተማሪ ሰሌዳ ፊት አቁሞ ለዓመታት አስተማረው። ሐንስ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ቀን ይቆጥራል፤ መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ይነግራል። በፕሮፌሰር ካርል ሽቱምፍ የሚመራ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ መረመረና ማጭበርበር የለበትም ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ ለሽቱምፍ ተማሪ ለኦስካር ፉንግስት ተመራ።

ፉንግስት ቀላል ነገር አደረገ፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ አስጠየቀ። ጠያቂው መልሱን ሲያውቅ ሐንስ ከ100 ጊዜ ውስጥ 89ኙን ይመልስ ነበር፤ ጠያቂው ሳያውቅ ሲቀር ወደ 6 ወረደ። ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም። የሚያውቀው ሰውን ነው። ሰኮናውን መምታት ሲጀምር ጠያቂው ሳያስበው ጎንበስ ይላል፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደረስ ራሱን በጣም በጥቂቱ ቀና ያደርጋል። ሐንስ የሚያቆመው ያኔ ነው። ፎን ኦስተን ሊያታልል አልሞከረም፤ ቀና ማለቱንም አያውቅም ነበር። ይባስ ብሎ ፉንግስት ምስጢሩን ካወቀ በኋላም ቢሆን ያቺን የራስ እንቅስቃሴ ከራሱ ላይ ማጥፋት ከብዶት ነበር። ምሁሩ መጽሐፉን በ1907 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ፈታኙ ሳያውቅ ተፈታኙን እንዳይመራ መጠንቀቅ የሳይንስ ሙከራ ደንብ ሆነ፤ የሐንስ ስምም ለዚያ ስሕተት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሰዎች ይህን ታሪክ የሚተርኩት ፈረሱን ለማሳፈር ነው። እኔ ግን አልስማማም። ነገሩ የተገለበጠ እንደሆነ ይታየኛል። ሐንስ በርሊን ውስጥ ከነበሩት ሊቃውንት ሁሉ ቀድሞ የሰውን ገላ ማንበብ ተምሯል፤ አስተማሪዎቹም ሳያውቁት ተማሪዎቹ ሆነዋል። ፈረስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን አይክድም። ፈርተህ ብትወጣበት ፈረሱ ቀድሞህ ይፈራል።

ከበርሊን ወደ አዊ ስንመለስ 1932 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን። አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር ናት፤ የጎጃም ደጋ በአርበኞች እጅ ይተራመሳል። በዚህ ዓመት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። መነሻው በዓድዋና በኋላም በአርበኝነቱ ከሰው ጋር የወደቀውን ፈረስ ማሰብ ነበር። በዓሉም በነጭ ፈረስ ለሚሣለው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ ለጥር 23 ተሰጠ። የዓድዋ ድል የዋለው በ23 እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ቀኑ ለምን እንደተመረጠ አይጠፋውም። ማኅበሩ ዕድር ነው፣ ሽምግልናም ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ይወጣል፤ የተጣላ ይታረቃል። አባላቱ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ከትምህርት አንጻር ሲታይ ማኅበሩ የሠራው ትልቁ ሥራ አስተማሪ ሳይቀጥር ትምህርት ቤት መክፈቱ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ ጉግስ ሲካሄድ፣ ሽምጥ ሲጋለብ የሚያይ ልጅ ማንም «ተማር» አይለውም። አባቱ ፈረሱን ያስጌጠበትን ግላስ፣ የዛቡን አያያዝ፣ ሲወድቅ ተነስቶ መሳቁን ያያል። በ1961 እ.ኤ.አ. አልበርት ባንዱራ የተባለ ምሁር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን ይዞ፣ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያደርግ ያየውን ብቻውን ሲተው እንደሚደግም አሳየ። እሱ የሞከረው በአሻንጉሊት ላይ በሚሠራ ክፋት ነበር። እንጅባራ ላይ የሚታየው የዚያው ነገር መልካም ፊት ነው።

ማሳው ላይም እንዲሁ ነው። ወይፈን ማረስ የሚለምደው ልምድ ካለው በሬ ጋር ተጠምዶ እንደሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በአዊ ይህ ትምህርት ወደ ፈረስም ተሻግሯል። ፈረስ እንደ በሬ ሻኛ ስለሌለው ቀንበሩ አንገቱን እንዳይልጠው መላ ይፈልጋል፤ እርምጃው ፈጣን ስለሆነም አራሹ ራሱ እግሩን ማፍጠን መልመድ አለበት። እዚህ ላይ ለወጥ ማለት ያለበት ፈረሱ ብቻ አይደለም። የበሬ አራሽ የነበረ ሰው ፈረስ ሲጠምድ አካሄዱን፣ ጩኸቱን፣ የጅራፉን አጠቃቀም አዲስ ይማራል።

ከዚያ ደግሞ የሰው ጠባይ የተፈተነበት ዘመን መጣ። ዲከረንስ የሚባለው፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነ ግራር በአዊ ደጋ በሰፊው መተከል የጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ ነው። መጀመሪያ የገባው በአሲድ የተጎዳውን አፈር ይጠግናል ተብሎ ነበር። ገበሬውን የለወጠው ግን ያ ምክር ሳይሆን ከሰሉ ነው። በተከላው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፤ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ይከሰላል፤ ከዚያ እንደገና ይታረሳል። ጆንያው በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ድረስ ይሄዳል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ቀደመች፤ ባንጃና ጓጉሳ ሽኩዳድ ተከተሉ። ማሳውም የግጦሽ መሬቱም ዛፍ ለበሰ። በየቀበሌው ሥልጠና ከሚሰጠው ባለሙያ ይልቅ የጎረቤት አዲስ የቆርቆሮ ክዳን የበለጠ አስተማረ። ቶርንዳይክም ባንዱራም ቢያዩት ደስ የሚላቸው ነገር ነበር፤ ውጤቱ አማረ፣ ጎረቤት አየ፣ ተደገመ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወረዳዎች መልካቸውን ቀየሩ። ከዚያ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ዲከረንሱን ዋግ መታው። ቅጠሉ ዛገ፣ ችግኙ ደረቀ። አንድን ዛፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር የተከለ አገር አንድ በሽታ ሲመጣበት መጠጊያ የለውም። ውጤቱ ያማረ ሥራ ይደጋገማል የሚለው ሕግ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው፤ ትናንት ያማረውን ያስተምራል እንጂ ነገን አያሳይም። አንዳንዱ ዛፉን አንስቶ ወደ እህሉ ተመለሰ። አንዳንዱ ሌላ ዛፍ ሞከረ። የግጦሽ መሬቱን በዛፍ ለሸፈነ ሰው ግን ፈረሱን መመለስ ችግኝ የመንቀል ያህል አይቀልም።

ዛፉ ገና በልምላሜው ሳለ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ከወደ ሰሜን ሁለት ወሬ ተሰማ። የእንግሊዙ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ28 ፈረሶች የተቆጣና የሚስቅ ሰው ፎቶግራፍ አሳዩ። ፈረሶቹ የተቆጣውን ፊት ሲያዩ ልባቸው ፈጥኖ ይመታ ነበር፤ ራሳቸውንም አዙረው በግራ ዓይናቸው ይመለከቱት ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ 23 ፈረሶች ሰሌዳ ላይ የተሣለ ምልክት በአፍንጫቸው እየነኩ «ብርድ ልብስ አልብሱኝ»፣ «አውልቁልኝ» ወይም «ይሁን እንዳለሁ» ማለትን ተማሩ። የፈጀባቸው ሁለት ሳምንት ነው፤ በቀን ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ልምምድ። ሲዘንብና ሲበርድ ልብሱን ይጠይቃሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ያስወልቃሉ። የፉንግስት ጥንቃቄ ለዚህ ሙከራ ባይተርፍ ኖሮ ማንም ባላመነው። ሐንስ በ112 ዓመቱ ተካሰ ማለት ይቻላል።

የጥሊሊን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም።

ኢትዮጵያ ዛሬ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስ አላት። በብዙ ከተማ ባጃጅ የጋሪውን ቦታ ወስዷል፤ ገና ያልወሰደበትም ይወስዳል። ባለጋሪው ቤቱ ሲደርስ ዛብ ሳይሳብ የሚቆም፣ ደንበኛውን በድምፁ የሚለይ ፈረስ እየቀነሰ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ጌታው ሲሰክር ወደ ቤት መንገዱን አያውቅም።

ይህን ትዕይንት ለማየት የሚመኝ አንባቢ ካለ ጥር 23 በጠዋት እንጅባራ ይድረስ። ከደቡብ የሚመጣ ከሆነ ጥሊሊ ላይ ቡናውን ጠጥቶ ይነሳ፤ ወደ ሜዳው የሚያመሩ ፈረሰኞችን አስፋልቱ ላይ ያገኛቸዋል። አንድ አደራ አለኝ፦ ከፈረሱ በስተኋላ አትቁሙ፣ በግንባሩ ፊት ለፊትም አትቅረቡ። በጎን ሂዱ፣ እጃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ መጀመሪያ እሱ እናንተን ያሽትታችሁ።